ግማሽ ፊት፣ 12 ሳምንት፦ የፔፕታይድ ሴረም የሙከራ ማስታወሻ

ቀን 0

ጥፋቱ የአጉሊ መስታወቱ ነው። 10 እጥፍ ያጎላል። ከመግዛቴ በፊት አፍንጫ ነበረኝ፤ ከገዛሁት በኋላ ወንፊት ሆነብኝ። ጠዋት ተጠግቼ ማየት፣ ማታ ተጠግቼ ማየት፣ ከዚያ በሁለት ጣት መጫን። ስጫን ነጭ ክር የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። «ወጣልኝ» ብዬ ደስ ይለኛል። ከወር በኋላ ያው ክር እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ያ ክር ቆሻሻ አለመሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በዓይን የሚታየው የፊት ቀዳዳ የፀጉር ሥር መውጫ ነው። ሥሩ ጋ የወዝ ዕጢ አለ። ወዙ ከሞቱ የቆዳ ሴሎች ጋር ተጣብቆ በቀዳዳው ግድግዳ ዙሪያ ይደረደራል። ጤነኛ አፍንጫ ሁሉ አለው። አውጥተህ ብትጨርሰውም በ30 ቀን ገደማ ተመልሶ ይሞላል። እኔ እንግዲህ ለዓመታት ስታገል የነበረው ከዚህ ጋር ነው።

እስካሁን ያልሞከርኩት የለም። አፍንጫ ላይ ተለጥፎ የሚነቀለውን ፕላስተር፣ አሸዋ የመሰለውን መፋቂያ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ በየቀኑ። መጨረሻ ላይ ሬቲኖል የሚባለውን የቫይታሚን ኤ ዓይነት በየማታው ጀመርኩ፤ ቀስ ብለሽ ጀምሪ የሚለውን ማን ሰምቶ! በሁለተኛው ሳምንት አገጬ ተላጠ፣ ጉንጬ ተቃጠለ። ቃጠሎው በቀናት ለቀቀኝ። ትቶት የሄደው ጥቁር ምልክት ግን ወራት ፈጀብኝ። እንደኔ ጠየም ያለ ቆዳ ሲቆጣ ዝም ብሎ አይድንም፤ ማስታወሻ ትቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በዚህኛው ዙር የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የማይቆጣ ነገር።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። ከፊቴ ግራው ሴረሙን (ፔፕታይድ የሚባል የፕሮቲን ቁራጭ ያለበትን ፈሳሽ) ያገኛል፣ ቀኙ አያገኝም። ማጠቢያው፣ ማለስለሻው፣ የፀሐይ መከላከያው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ሙሉ ፊቴን ብቀባማ፣ ለውጥ ቢመጣ እንኳ ከሴረሙ ይሁን ከእንቅልፍ፣ ከአየሩ ይሁን ከሆርሞን በምን አውቃለሁ? የ12 ሳምንቱን ሐሳብ የወሰድኩት በ2005 እ.ኤ.አ. ከታተመ አንድ ጥናት ነው። 93 ሴቶች በፊታቸው በአንዱ ወገን ፓልሚቶይል ፔንታፔፕታይድ (የኔም ሴረም ያለው የፔፕታይድ ዓይነት) ያለበት ቅባት፣ በሌላው ያለሱ የሆነውን ለ12 ሳምንት ተቀቡ። መጠኑ ከሚሊዮን 3 እጅ ብቻ ነበር። መጨማደዱ ላይ ትንሽ ግን የሚለካ መሻሻል ተገኘ። ጥናቱ ያየው መጨማደድን እንጂ ቀዳዳን አልነበረም። እዚህ ጋ ተስፋዬን በልኩ መያዝ ነበረብኝ። አልያዝኩም።

ሕጎች፦ መጫን የለም፣ መፋቅ የለም፣ ፕላስተር የለም፣ አሲድ የለም። የዛሬውን ፎቶ ታናሽ እህቴ አነሳችኝ፤ መስኮት ዳር፣ በስልኩ የኋላ ካሜራ።

ከቀን 0 እስከ 7

ሴረሙ ገና ፊቴ ጋ አልደረሰም። በክንዴ ውስጠኛ በኩል፣ አንድ ቦታ ላይ፣ በቀን ሁለቴ እየቀባሁት ነው። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ከ7 እስከ 10 ቀን እንዲህ ሞክሩ ይላል። አሰልቺ ነው። ግን ባለፈው ከደረሰብኝ በኋላ አንድ ሳምንት መታገስ አያቅተኝም።

በዚህ መሀል ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። ፊት ለፊቱ «የቀዳዳን ገጽታ ይቀንሳል» ይላል። ልብ በሉ፣ ቀዳዳን አላለም። የቀዳዳን ገጽታ ነው ያለው። ይህቺን ቃል ዝም ብሎ ያስገባት ሰው የለም።

ከኋላ ያለው ዝርዝር የበለጠ ያወራል። ውሃ፣ ግሊሰሪን፣ ሌሎች ሁለት ሦስት ነገሮች፣ ከዚያ ሴረሙ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ፌኖክሲኢታኖል፣ ከሱ በኋላ ፔፕታይዱ። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከብዙው ወደ ትንሹ ነው፤ ከ1 በመቶ በታች ያሉት ግን እንደፈለጉ ይደረደራሉ። በአውሮፓ ሕግ ፌኖክሲኢታኖል ከ1 በመቶ ማለፍ አይችልም። እንግዲህ ከሱ በኋላ የመጣው ፔፕታይድ ከዚያ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም ብዬ ገመትኩ። መጀመሪያ «ተበላሁ!» አልኩ። ቆየት ብዬ ያ ጥናት የተጠቀመው ከሚሊዮን 3 እጅ መሆኑ ትዝ አለኝ። ፔፕታይድ የግድ ሲበዛ ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም። ማነሱ ብቻውን ሌብነት አይሆንም፤ በቂ መሆኑን ግን ከብልቃጡ ማወቅ አይቻልም።

ሽቶ የለበትም። የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

ቀን 8

ክንዴ ሰላም ነው። ዛሬ ፊቴ ላይ ጀመርኩ።

ፊቴን ታጥቤ፣ እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ፣ ሦስት ጠብታ በጣቴ ጫፍ ወሰድኩ። አንዱን ጉንጬ ላይ፣ አንዱን ግንባሬ ግራ ላይ፣ አንዱን የአፍንጫዬ ክንፍ ላይ። ሲቀባ እንቁላል ነጭ ይመስላል፤ መጀመሪያ ያዳልጣል፣ ከዚያ ጣት ይይዛል፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይደርቃል። አልቆጠቆጠም። አልሞቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ተቀብቼ ፊቴ አልተናገረም።

ከ10 ደቂቃ በኋላ መስታወት ፊት ቆምኩ። ግራው ጉንጬ ለስልሷል! ቀዳዳዎቹ ጥብብ ብለዋል! እህቴን ጠራኋት። አየችና «እርጥብ ነው እኮ» አለችኝ።

ልክ ናት። ግሊሰሪን ውሃ ይስባል። ውሃ የያዘ ቆዳ ደግሞ ትንሽ ነፋ ይላል፣ የቀዳዳው ጠርዝም ይለሰልሳል። ኮላጅን፣ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን፣ በ10 ደቂቃ አይሠራም። የሴረም ማስታወቂያ ላይ «ወዲያው» የሚለውን ቃል ሳይ ከእንግዲህ ወዲያ ግሊሰሪን ብዬ አነበዋለሁ።

ቀን 11

ጠዋት ቸኩዬ ሴረሙ ሳይደርቅ ማለስለሻውን፣ ማለስለሻው ሳይደርቅ የፀሐይ መከላከያውን ደረብኩበት። ግራ ጉንጬ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ተንከባለለ። የላጲስ ብናኝ ነው የሚመስለው። ባሻሸሁት ቁጥር ይብሳል። ቀኙ ላይ አንድም የለም። ታጥቤ እንደገና ጀመርኩ፤ ሥራ ዘገየሁ።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ከሦስት ጠብታ ወደ ሁለት ቀነስኩ፣ በየመሀሉ ጥርሴን እስክቦርሽ ጠበቅኩ፣ የፀሐይ መከላከያውን ደግሞ ከማሸት ይልቅ በመዳፌ ተጫን ተጫን እያደረግኩ ቀባሁት። ፍርፋሪው ጠፋ።

ሳምንት 2

ሁለቱም ወገን እኩል ወዛም ነው። አገጬ ላይ ብጉር ወጣች። ቀኙ ላይ ናት፣ ግራው ንጹሕ ነው። «ሴረሙ ሠራ!» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግራውም አወጣ።

ሰዎች ፔፕታይድ ምንድነው እያሉ ይጠይቁኛል፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። ፕሮቲን ረጅም ሰንሰለት ነው፣ ቀለበቶቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው። ፔፕታይድ ከዚያ ሰንሰለት የተቆረጠች አጭር ቁራጭ ናት። የኔዋ አምስት ቀለበት አላት፣ ኮላጅን ከሚሠራበት ፕሮቲን ላይ ያለ ቁራጭ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ቆዳ ውስጥ ኮላጅን ሲሰባበር ፍርካሾቹ «እዚህ ጋ ፈርሷል፣ ጠግኑ» የሚል መልእክት ይሆናሉ። ቁራጩን ከውጭ ስትቀቢው ሴሎቹ ያንን መልእክት የሰሙ ይመስላቸዋል። ችግሩ መግባቱ ነው። የቆዳ የላይኛው ሽፋን ስብ ያለበት አጥር ነው፣ ውሃ ወዳድ ቁራጭ ብቻዋን አታልፍም። ስለዚህ የስብ ጅራት ይቀጥሉላታል። «ፓልሚቶይል» የሚለው ቅጥያ ያ ጅራት ነው። ስንቷ ታልፋለች? ጥቂቷ። ለዚህ ነው 12 ሳምንት የሚባለው።

ከቀዳዳ ጋር ምን አገናኘው ካላችሁ፣ ቀዳዳ ጎልቶ የሚታየው በወዝ ብዛት ብቻ አይደለም። ዙሪያው ያለው ቆዳ ሲላላም ጠርዙ ይከፈታል። ኮላጅን ዙሪያውን የሚይዝ ገመድ ነው እንበል። ገመዱ ከጠበቀ አፉ ይሰበሰባል። ተስፋው እዚያ ላይ ነው። ወዙ ላይ ግን ፔፕታይዱ የሚያደርገው ነገር አይታየኝም።

ሳምንት 3

ኃጢአቴን ልናገር። ማታ፣ ደክሞኝ፣ አጉሊ መስታወቱ ፊት። እጄ ራሱ ነው የሄደው። የአፍንጫዬን ቀኝ ክንፍ ተጫንኩት። ያውም አጥብቄ፣ በጥፍር።

ቀኙ ደግሞ ሴረም የማይነካው፣ ለማወዳደሪያ ያስቀመጥኩት ወገን ነው። አሁን ምን ይደረጋል? ለፍትሕ ሲባል ግራውንም ልጫነው ብዬ በቁም ነገር አሰብኩ። እጄን የያዘችኝ እህቴ ናት። «አንቺ፣ አበድሽ እንዴ? ሁለቱንም ልታጠፊ ነው?» አለችና መስታወቱን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው።

በማግስቱ የተጫንኩት ቦታ አብጧል። በአራተኛው ቀን ቡናማ ሆነ። አውቀዋለሁ ይሄን ቀለም፤ እንግዳ ነኝ ብሎ መጥቶ ወራት የሚቀመጠው ነው።

ሳምንት 5

ትልቁ ውድቀት። እስካሁን ያነሳኋቸውን ፎቶዎች በተርታ ዘረጋሁ። ግራው በሳምንት 2 ጥሩ፣ በሳምንት 3 መጥፎ፣ በሳምንት 4 ደግሞ እንደገና ጥሩ። ምንም ሊገባኝ አልቻለም። ከዚያ ከዓይኔ ሥር ያለችውን ማርያም የሳመችኝን ፈለግኩ። በቀኝ ጉንጬ ላይ ነው ያለችው። ግማሾቹ ፎቶዎች ላይ ግን ግራ ላይ ናት!

ከሳምንት 1 በኋላ ራሴን ያነሳሁት በፊት ካሜራ ነበር። ስልኩ አንዳንዱን ፎቶ እንደ መስታወት ገልብጦ ነው ያስቀመጠው፣ አንዳንዱን ደግሞ አስተካክሎ። ቅንብሩን መቼ እንደነካሁት አላስታውስም። እኔ ግን የቀኙን ውጤት ለግራው እየሰጠሁ፣ የግራውን ለቀኙ እየሰጠሁ ደስ ስሰኝና ሳዝን ከረምኩ። ይባስ ብሎ ካሜራው ቆዳ የሚያለሰልስ ማጣሪያ በርቶበት ነበር። ስለ ቆዳ ቀዳዳ የሚሠራ ምርመራ፣ ቀዳዳ በሚደመስስ ካሜራ!

ሁሉንም ጣልኳቸው። የቀን 0ዋ ብቻ ተረፈች፣ እህቴ በኋላ ካሜራ ስላነሳቻት።

አዲሱ አሠራር፦ ወለሉ ላይ ሁለት ቦታ ፕላስተር ለጠፍኩ፤ አንዱ የኔ እግር፣ አንዱ የእህቴ። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሁልጊዜ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ፊቴ ከታጠበ ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ ምንም ሳልቀባ። ካሜራው ራቅ ብሎ ያነሳል፣ ከዚያ ቆርጠን እናጎላዋለን። ስልክ ሲጠጋ አፍንጫን ያለ መጠኑ ያሳብጠዋል። ለካ ግማሹ ጭንቀቴ የተቀዳው ከተጠጋ ካሜራ ነው።

ሳምንት 6

አንዲት ጓደኛዬ «በእንፋሎት ታጠኚና ቀዳዳው ይከፈት፣ ከዚያ በበረዶ ዝጊው» አለችኝ። ቀዳዳ የሚከፈትና የሚዘጋበት ጡንቻ የለውም እኮ። በር አይደለም። ሙቀት ወዙን ያለሰልሰዋል፣ ብርድ ለጥቂት ደቂቃ ቆዳውን ኮምተር ያደርገዋል፣ በቃ።

ፊቴ ሰላም ነው። መቆጥቆጥ የለም፣ መላጥ የለም። በዚህ በኩል ሴረሙን አመሰግናለሁ።

ሳምንት 8

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አልጋዬ አጠገብ ያለው መብራት ከጎን ሲመታኝ ጉንጬ የጨረቃን ገጽ ይመስላል። ተነስቼ ዞር ስልና መብራቱ ከፊት ሲመታኝ ቀዳዳዎቹ ብን ብለው ይጠፋሉ። ያው ፊት፣ ያው ደቂቃ።

አሥር ጊዜ ያህል እየዞርኩ አየሁት። ያኔ ነው የገባኝ፤ እኔ የማየው ቀዳዳውን አይደለም፣ ውስጡ የተኛውን ጥላ ነው። ብርሃን ከጎን ሲመጣ ጥላው ይረዝማል። ወዝ ሲኖር ደግሞ ጠርዙ ያብለጨልጭና ጥላው የበለጠ ይጠቁራል። ጫፉ ላይ የደረቀ ወዝ አየር አግኝቶ ሲጠቁር ያው ነው። ከሜካፕ በፊት የሚቀባው ሲሊኮን ያለበት ነገር በአንድ ደቂቃ «ቀዳዳ የሚያጠፋው» ለዚህ ነው፤ ጉድጓዱን ይሞላና ጥላውን ያነሳል። ማታ ታጥበሽ ስትጨርሺ ጥላሽ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚህ በኋላ በመንገድ ላይ የሰው ፊት ሳይ መጀመሪያ የማየው ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ነው። ጥሩ በሽታ አይደለም።

ሳምንት 9

ምንም።

ሳምንት 10

የፀሐይ መከላከያው ከሴረሙ ቀድሞ አለቀ። በፊት አንድ ቱቦ ግማሽ ዓመት ይቆይልኝ ነበር። ያኔ በቂ ሳልቀባ ነበር ማለት ነው። ዘንድሮ በሁለት ጣት ርዝመት እየለካሁ፣ በየጠዋቱ፣ ደመና ቢሆንም ባይሆንም። ፀሐይ ያንን የኮላጅን ገመድ ከሚበጥሱት ዋነኛዋ ናት። በአንድ እጅ ፔፕታይድ እየቀቡ በሌላው ፀሐይ ማስመታት በቀዳዳ ባልዲ ውሃ መቅዳት ነው።

አፍንጫዬ ቀኝ ላይ ያለው ቡናማ ምልክት መፍዘዝ ጀምሯል። ከተጫንኩት 7 ሳምንት ሆነው።

ሳምንት 12

የፍርድ ቀን። ዳኛዋ እህቴ ናት።

ከሳምንት 5 ወዲህ ከተነሱት ፎቶዎች ስድስት መረጥኩ። እያንዳንዱን ከመሀል ቆርጬ ግራና ቀኝ ለየሁ። ቀኞቹን ገለበጥኳቸው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዩ። ማርያም የሳመችኝ ምልክቴ እንዳታሳብቅ ከሷ በታች ያለውን ብቻ፣ የተጫንኩትም ቦታ እንዳይታይ አፍንጫን ትቼ ጉንጭ ብቻ አስቀረሁ። ከዚያ «ከሁለቱ ቀዳዳው ያነሰው የቱ ነው?» ብዬ ስድስት ጊዜ ጠየቅኋት። ፊቷን ሰብሰብ አድርጋ፣ እያንዳንዱን አጉልታ፣ ጊዜ ወስዳ መረጠች።

አራቱን ሴረም የተቀባውን ወገን መረጠች። ሁለቱን ያልተቀባውን።

አራት ከስድስት! ልጨፍር ስነሳ «ቆይ፣ በሳንቲምስ ቢሆን?» አለች። አሰላነው። ሳንቲም ስድስት ጊዜ ሲወረወር 64 ዓይነት አወራረድ አለ፤ ከነሱ ውስጥ አራትና ከዚያ በላይ ዘውድ የሚወጣባቸው 22 ናቸው። ምንም ያልተቀባ ፊት እንኳ በሦስት ሙከራ አንዴ ያህል ይሄን ውጤት ያመጣል። ተቀመጥኩ።

ከዚያ የቀን 0ን ፎቶ አወጣሁ። ከሳምንት 12 ጋር አጠገብ ላጠገብ። የቱ ቀን እንደሆነ ሳልነግራት ግራውን ከግራ፣ ቀኙን ከቀኝ አሳየኋት። ሳታመነታ ሁለቱንም ጊዜ የሳምንት 12ን መረጠች። ሴረም ያልነካው ቀኙም ተሻሽሏል። ጉንጩ የተረጋጋ ነው፣ የቀላ የለም፣ የተፋቀ የለም፣ ወዙ ራሱ ቀነስ ያለ ይመስላል። ሁለቱም ወገኖች በእኩል ያገኙት ምን እንደሆነ ጻፍኩ፦ ለስላሳ ማጠቢያ፣ ማለስለሻ፣ በቂ የፀሐይ መከላከያ። እና ከአንዲት ማታ በቀር ጣቴ አልደረሰባቸውም።

ታዲያ ሴረሙ? መጥፎ አይደለም። ግራ ጉንጬ ሲነካ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ይሄን ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። አላስቆጣኝም። የቀረውን ሙሉ ፊቴን እየቀባሁ እጨርሰዋለሁ። ለቀዳዳ ብዬ ግን ሁለተኛ ብልቃጥ አልገዛም። የሚቀጥለው ተራ የናያሲናማይድ (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት) ነው፤ ወዝ ላይ የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። 2 በመቶ፣ በዚህ ጊዜ ቀኙ ላይ። ሬቲኖል ከሱ በኋላ፣ በሳምንት ሁለቴ ብቻ፣ እንደ ሰው።

አጉሊ መስታወቱን ለእህቴ ሰጠኋት። ቅንድቧን ለማስተካከል ትፈልገው ነበር። በማግስቱ ከሥራ ደወለችልኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ስሚ፣ አፍንጫዬ ላይ ይሄ ሁሉ ድሮም ነበር?»